የፍጥነቱ ውድድርና የእማዬ ሎከር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት እንደገባሁ ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ሻይ ጠጣሁ። ኢሜይል መለስኩ። መሳቢያዬን አጸዳሁ፤ ሦስት የደረቀ እስክሪብቶና የማን እንደሆነ የማላውቀው አንድ የጆሮ ጌጥ ወጣ። ተመልሼ ሳየው... ገና ሩብ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ፋብሪካው የሎከር ቁልፍ ይሠራል። ባለ ስድስት ቀለበት፣ በቁጥር የሚከፈት። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ስድስት ቦታ ሲደረደሩ አንድ ሚሊዮን ጥምረት ይወጣል። ፕሮግራሜ ከዚያ ውስጥ ማንም የሚገምተውን ይጥላል፤ ከቀረው በዕጣ እያወጣ አርባ ሺህ ይመርጣል፤ እያንዳንዱን አዲስ ቁጥር ደግሞ ቀድሞ ከተመረጠው ሁሉ ጋር ያስተያያል። ቢያንስ በሁለት ቀለበት ካልተለያዩ አዲሱ ይወድቃል። ሰው የጎረቤቱን ሎከር በስህተት እንዳይከፍት ነው። ቆንጆ ሥራ ነው። የጻፍኩት ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፓይተን ለመጻፍ ማር ነው፤ ለመጠበቅ ግን ዕድሜ ይፈጃል።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ቁጥሩን ቁልፉ ላይ የሚሞላው ማሽን የእሱ ነው። "እህቴ፣ ማሽኔ እኮ ዛገ። በጣትሽ እየቆጠርሽ ነው እንዴ?"

ከኋላው አለቃ። ትልቅ ትዕዛዝ መጥቷል አሉ፣ ከሆስፒታል። የትኛው ሆስፒታል? እማዬ የምትሠራበት! "በዚህ አያያዛችን አንደርስም። የሚፈጥን ቋንቋ ፈልጉ።" ማሙሽ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ሁሉም ሳቀ።

ማሙሽ ወንድሜ ነው። እዚህ የገባው ለሙከራ ነው፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ... እሱን አልጽፈውም። እማዬ ማታ ማታ "ዛሬስ ምን አገኘህ?" ብላ መጠየቁን ትታ ነበር። ያ ይበቃል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ውድድር ሆነ። እኔ በፓይተን፣ አለቃ ድሮ ራሳቸው በጃቫ በጻፉት፣ ማሙሽ በሲ ፕላስ ፕላስ። ዳኛዋ ማን? እኔው!

ደንብ አወጣሁ። ማሽን እንደ ሰው ዝም ብሎ ዕጣ አያወጣም፤ መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከዚያ ተነስቶ ያማታል። መነሻው ካልተቀየረ የሚያወጣው ቁጥርም አይቀየርም፤ መቶ ጊዜ ቢያስነሱት ያንኑ ነው የሚደግመው። ስለዚህ "መነሻውን እንቆልፈው" አልኩ። "በየሙከራው ሥራው ከተለዋወጠ ሰዓቱ አይታመንም፤ አንዱ ቀላል ዕጣ ይደርሰውና አሸነፍኩ ይላል።"

አለቃ ጠረጴዛውን መቱ። "ይሄ ነው ፍትሕ!"

ማሙሽ መዳፉ ላይ ጻፈው። "መነሻው ይቆለፍ።" መዳፉ ላይ መጻፍ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የነበረ ልማዱ ነው፤ እማዬ ብትቆጣ ብትለምን አልተወውም።

ደስ ብሎኝ ነው ቤት የገባሁት። አንዳንዴ ራሴን እወደዋለሁ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ምን እንደማስብ አላውቅም። አሁንም ክው እንዳልኩ ነኝ።

የእኔው ጠዋት ተነስቶ ምሳ በልተን ስንመለስም እየሄደ ነበር። እሱን አውቀዋለሁ፣ አላስደነገጠኝም። የአለቃ ጃቫ ሻያችንን ሳንጨርስ አለቀ። እሺ፣ ትንሽ አፈርኩ። ከዚያ የማሙሽ ተራ። አስነሳው። ወንበሬን ስቤ ልቀመጥ ስል...

"አለቀ" አለ።

"ምኑ?"

"ሥራው።"

መካኒኩ "ተበላሸ ማለት ነው?" አለ። እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። ቆጠርኩ። አርባ ሺህ፣ አንድ አልጎደለ። እንደገና አስነሳሁት። አርባ ሺህ። እንዴት? እኔ ግማሽ ቀን የተቀመጥኩበትን?

"ቆይ እትዬ፣ ገና ነኝ" አለ። ኮምፒውተሩ ስምንት ጭንቅላት አለው፣ እስካሁን ያሠራነው አንዱን ብቻ ነው አለ። ሥራውን ለስምንት ከፈለው። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ይመርጣል፤ ሃምሳ ሲሞላለት ያስረክብና ተራውን ለሚቀጥለው ይለቃል። ሃምሳ ያለው አንድ ካርቶን የሚይዘው ሃምሳ ቁልፍ ስለሆነ ነው። ብልጥ ልጅ።

አስነሳው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። አልቋል። አለቃ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግመው አዩ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቆጠርኩ፤ አርባ ሺህ።

ቀናሁ? አዎ፣ ቀናሁ። ከዚያ ማሙሽ ዞሮ አየኝ። ልጅ ሆኖ ብስክሌቱን ከኋላ ለቅቄለት ብቻውን የሄደ ቀን የነበረው ፊት ነው የነበረው። ቅናቱ ጠፋ። ጥይት ብለው ጠሩት፣ ከዛሬ ጀምሮ ቢሮ ስሙ ጥይቱ ነው።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እማዬ አላመነችም። "እትህን ቀደምካት? እሷን?" እኔን አየችኝ፣ ቅር ብሎኝ እንደሆነ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች። ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት ግን አልነበረም ቤት ውስጥ።

"ታዲያ እኛ ጋ የሚሰቀለው የልጄ ቁልፍ ነው ማለት ነዋ?"

"የልጆችሽ!" አልኩ።

"እሺ፣ የልጆቼ።"


ዓርብ፣ ጥቅምት 22

የሆስፒታሉ ቁልፍ ሄደ። አራት መቶ፣ ስምንት ካርቶን። ማሸጊያው ጋ ያለችው ፈታሽ አንዱን ካርቶን ከፍታ ሃምሳውንም አየች። አንድም አይመሳሰልም። ፈረመች።

እማዬ የሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ውስጥ ነው የምትሠራው። የሴቶች መቀየሪያ ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ስምንት መስመር ሎከር፣ በየመስመሩ ሃምሳ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ። ቁልፍ ሰቃዮቹ አንድ ካርቶን ለአንድ መስመር፣ በተራ እያወጡ ሲሰቅሉ ቆማ ስታይ ዋለች። "ቀስ በሉ፣ የልጄ ሥራ ነው" ስትላቸው ነበር አሉ። የእሷ አራተኛው መስመር ላይ ነው፣ ከጫፍ ሦስተኛው፣ የላይኛው። ግማሾቹ ገና ሰው አልደረሳቸውም።

አለቃ ዛሬ ማሙሽን ጠሩት። ኅዳር 16 የሙከራው ጊዜ ያልቃል። ቋሚ ይሆናል። አለቀ፣ ተወሰነ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ራት ላይ እማዬ አሳቀችን። ዛሬ ደክሟት ስትገባ ሎከሯን ከፈተች፣ ጫማዋን አወጣች፣ አደረገች። ሰፋት። "እግሬ ከሳ እንዴ?" እያለች ኮሪደሩን ስትጨርስ ጫማው የእሷ አይደለም! መስመር ተሳስታ አምስተኛው ውስጥ ገብታለች። ማሙሽ ሳቁ ትን አለው።

"ግን ልጆች" አለች ትሪውን እያነሳች። "የሁለት ሰው ቁጥር አንድ ሊሆን ይችላል እንዴ?"

"በፍጹም!" አለ ማሙሽ። ደረቱን ነፋ። "ሊሆን አይችልም እማዬ። ክፍት ትተውት ነው።"

እማዬ ለአፍታ አየችው። "እንግዲያው ክፍት ነበር" አለች።

ምኑ ነው ያልጣመኝ? አላውቅም። እንቅልፌ መጣ።


ሰኞ፣ ኅዳር 9

ስመለስ እማዬ ቤት ናት። መጋረጃ ታጥባለች። ፈቃድ ወጥቼ ነው አለች። እማዬ? ፈቃድ? አያቴ የሞተች ጊዜ እንኳ በሦስተኛው ቀን ገብታለች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬም ቤት። መጋረጃዎቹን ደግማ አጠበች።


ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከየት ልጀምር።

ጠዋት አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ እማዬ ጋ የምትሠራውን ተኳሿን አገኘኋት፣ ጋውን የምትተኩሰውን። በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ እማዬን "እማማ" ነው የምትላት። ሰላም አልኳት። አንገቷን ደፋች።

"እማማ እንዴት ሆኑ?"

"ደህና ናት። ፈቃድ ላይ ነች።"

"ፈቃድ ነው ያሏችሁ?"

ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ እየተቆራረጠ። የአንዲት አዋላጅ ነርስ የእጅ ሰዓት ከሎከሯ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት። ቁልፉ አልተሰበረ፣ አልተነካ። ሎከሩ የት ነው? አምስተኛው መስመር፣ ከጫፍ ሦስተኛው። እማዬ ከፍታ ጫማ ስታወጣ ያያት ሰው ነበር። "ዘግቼው ነው የሄድኩት" አለች አዋላጇ። "እንዴት ከፈትሽው?" ብለው እማዬን ጠየቋት። ዝም። በሌላ ቀን ደግመው ጠየቋት። ዝም። ከሥራ አገዷት። ነገ ከሰዓት ኮሚቴ ይቀመጣል፤ እስከዚያ ካልተናገረች በሌብነት ትሰናበታለች።

እናቴ። ሌባ። መጠበቂያው ብረት ላይ ተደገፍኩ።

"ለምን ዝም አለች? ክፍት ነበር አትልም?"

ተኳሿ ዙሪያዋን አየች። "ክፍት አልነበረማ። ሰዓቱ ከመጥፋቱ በፊት፣ ጫማ የተሳሳቱ ማግስት፣ እኔ ፊት የራሳቸውን ቁጥር እዚያኛው ላይ ሞከሩት። ጠቅ ብሎ ተከፈተ! ቀጥ ብለው ቀሩ። 'አፍሽን ያዢ' አሉኝ። በኋላ ይሄ ሰዓት ሲመጣ 'ይናገሩ፣ ቁልፉ ነው ጥፋተኛው ይበሉ' ብዬ ለመንኳቸው እኮ። 'ልጄ ሰኞ ቋሚ ይሆናል። እስከዚያ አልናገርም' አሉ። 'ሰኞማ ከተባረሩ በኋላ ነው' ብላቸው 'ይሁን' አሉኝ።"

ታውቅ ነበር። እማዬ ታውቅ ነበር። እያወቀች ነው መጋረጃ የምታጥበው።

ቢሮ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ቁጥሮቹን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ሃምሳ አየሁ። ሁለተኛውን ሃምሳ አየሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ... አንድ ናቸው። በተራቸው፣ ከላይ እስከ ታች። ሦስተኛውም። ስምንተኛውም። ካርቶኑ ውስጥ አንድም አይመሳሰልም፤ ካርቶን ከካርቶን ግን መንታ ነው። በየመስመሩ አንድ ቦታ ላይ ያለው ሎከር ሁሉ በአንድ ቁጥር ይከፈታል!

እንዴት ሆነ? ወዲያው ገባኝ፣ መቀመጥ አቃተኝ። ስምንቱ ጭንቅላቶች ከአንድ መነሻ ነው የተነሱት። አንዱ ያወጣውን ዕጣ ሰባቱም ያንኑ አወጡ፤ እያንዳንዱ የሚያስተያየው ደግሞ ከራሱ ድርሻ ጋር ብቻ ነው። የፈጠነውም ግማሹ በዚህ ነው። መነሻውን ማን አስቆለፈ? እኔ። ለውድድሩ ብዬ። ውድድሩ አለቀ፣ ቁልፉን የሚፈታ ግን አልነበረም። ዳኛዋስ ምን አደረገች? ቆጠረች። ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ማየት ግን አንድ ጊዜም አላየችም።

ማሙሽን ከሥራ ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆምኩት። መጀመሪያ ቁጥሩን ብቻ ነገርኩት። አመድ መሰለ።

"ስምንቱም?"

"ስምንቱም።"

ከዚያ እጄን ያዘኝ። "እትዬ... ሰኞ እኮ ነው። ሦስት ቀን። ማክሰኞ ራሴ እናገራለሁ፣ በእማዬ ሞት። ሦስት ቀን ምን ይመጣል?"

ያኔ ነው የእማዬን የነገርኩት። ሰዓቱን። ኮሚቴውን። ዝምታዋን። "ይሁን" ማለቷን። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። መዳፉን ዘርግቶ ያያል፣ ያያል... ምንም አልተጻፈበትም።


ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር። ቁርሱንም አልነካ። ጠፍቶ ቢሆንስ? እየሮጥኩ ቢሮ ደረስኩ። የአለቃ በር መስታወት ነው። ማሙሽ ውስጥ ቆሟል፣ እጁን አጣምሮ። አለቃ ተቀምጠዋል፣ መነጽራቸው ጠረጴዛው ላይ። ገብቼ "ደንቡ የእኔ ነው" አልኩ። ሌላ ብዙ ለማለት አስቤ ነበር፤ የወጣልኝ ያ ብቻ ነው።

አለቃ መነጽራቸውን አነሱ። "ጠረጴዛ መትቼ ፍትሕ ያልኩትስ ማን ነበር?" አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ።

ኮሚቴው ፊት የተናገረው ማሙሽ ነው። እማዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የክት ልብሷን ለብሳ። ስንገባ ስታየን ተነሳች። "ምን ልትሠሩ መጣችሁ?" ማሙሽ ወደ እሷ አልዞረም። ተናገረ፣ ምንም ሳያስቀር። "ቁልፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እናቴ የምታውቀው የራሷን ቁጥር ብቻ ነው።"

የሰው ኃይል ኃላፊዋ አላመነችም። "ልጇ አይደለህ? ምን ልትል ኖሯል?" የእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። "ውረዱና እዩት" አለ ማሙሽ።

ወረድን። እማዬ፣ አዋላጇ፣ ኃላፊዋ፣ የጥበቃው አለቃ፣ እኛ። አራተኛው መስመር፣ ከጫፍ ሦስተኛው፣ የላይኛው። እማዬ እጇን አላንቀሳቅስ አለች። "እማዬ፣ በይ" አላት። ቁጥሯን ሞላች። ተከፈተ፤ የራሷ ነው። አምስተኛው። ጠቅ። አዋላጇ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በየአንዳንዱ ድምፅ ማሙሽ ዓይኑን ይጨፍናል። የጥበቃው አለቃ "ወይ ጉድ" ማለት ብቻ ሆነ ሥራው።

ስድስተኛው መስመር ያለው ሎከር ሰው ያልደረሰው ነው። ስምም የለው። እማዬ ቁጥሩን ሞላች። ተከፈተ። ባዶ ነው... አይደለም። መደርደሪያው ላይ፣ መሀል ላይ፣ ሰዓት።

አዋላጇ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ በነጭ ልብሷ። "እኔ ነኝ" አለች። "ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረችኝ... ሰዓት አድርጌ አልገባም... እየሮጥኩ ወርጄ፣ ወርውሬው ወጣሁ። መስመር ተሳስቼ... ቁጥሬ ሲከፍትልኝ የራሴ መሰለኛ!" ከዚያ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሌባ አልነበረም። ከመጀመሪያው አንድም ሌባ አልነበረም።

ኃላፊዋ ወደ እማዬ ሄደች፣ ይቅርታ ልትል። እማዬ ሰዓቱንም፣ ኃላፊዋንም አላየችም። የምታየው ማሙሽን ነው።

"ማን ተናገሩ አላችሁ?" አለች።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

እማዬ አታናግረኝም። ማሙሽን ታናግረዋለች፤ እኔን ነው። ለእሱ የነገርኩት እኔ ስለሆንኩ።

ጠዋት አላስቻለኝም። "ሌባ ሊሉሽ እኮ ነበር!" ብዬ ጮህኩ።

ሳህን እያጠበች ነበር፣ አልዞረችም። "እኔ ሌባ አለመሆኔን አውቃለሁ። እነሱ ቢያውቁ ባያውቁ ምን ይሆነኛል? እሱ ግን ሥራ ፈቶ ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ የነበረበትን ረሳሽው? እኔ ልሸከመው የተነሳሁትን ምን ብለሽ እሱ ላይ ጫንሽበት?"

እናቴ ነች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብሬያት ኖሬያለሁ። ይህን ያህል እንደምትችል ግን አላውቅም ነበር። እስካሁን ያስደነግጠኛል።


ሰኞ፣ ኅዳር 16

ቋሚ አልሆነም። አልተባረረምም። የሙከራው ጊዜ ከዛሬ ይጀምራል፣ እንደ አዲስ። መጋዘን ያለው ካርቶን በሙሉ ታገደ። የሆስፒታሉ አራት መቶ ቁልፍ ተቀይሮ እስኪያልቅ ድረስ ማሙሽ ኮምፒውተር አይነካም። መፍቻ ሰጡት። አለቃ ሲሰጡት እንዲህ አሉት። "አንድ በአንድ። በእጅህ።"

"እሺ" አለ። መካኒኩ ጥይቱ ሊለው አፉን ከፍቶ ተወው።


ሐሙስ፣ ኅዳር 19

አዲሶቹን ቁጥሮች እኔ አወጣሁ። በማሙሽ ሲ ፕላስ ፕላስ። ስምንቱም የየራሳቸው መነሻ አላቸው፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተሰብስቦ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይተያያል። እንደ ድሮው ዓይን ጨፍኖ መግለጥ አይደለም አሁን፣ ትንሽ ይቆያል። ለማነጻጸር ፓይተኑንም አስነሳሁት። ምሳ በልቼ ስመለስ እየሄደ ነበር!

ለካ ቋንቋው በእውነት ፈጣን ኖሯል። ይህም አስደነገጠኝ፤ ሰሞኑን የማያስደነግጠኝ ነገር የለም። የቀረውን ከሰዓት ቁጥሮቹን ሳይ ዋልኩ። በዓይኔ። ካርቶን ከካርቶን። ማሽኑ አይቶታል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም።

እማዬ ዛሬም "ራትሽ ምድጃው ላይ ነው" የሚል ወረቀት ትታ ተኝታለች።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ማሙሽ ነው። "እትዬ፣ ምድር ቤት ነይ። እማዬ ናት ያለችው።"

እማዬ? እኔን?

ስደርስ የመጨረሻውን ቁልፍ እያጠበቀ ነው፣ ስምንተኛው መስመር ጫፍ ላይ። እጁ ተላልጧል፣ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አለ። እማዬ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች አጠገቡ ቆማለች፤ ከጀመረ አንስቶ በየቀኑ ምሳ ሰዓቷን እዚህ ነው የምታሳልፈው አለኝ ተኳሿ። አዋላጇም አለች። ወንበር ይዛላት መጥታ ነው፣ እማዬ ግን አልተቀመጠችም።

"ጨረስኩ" አለ ማሙሽ።

እማዬ አዲሱን ቁጥሯን በአፏ እያነበነበች ወደ አንደኛው መስመር ሄደች። ከጫፍ ሦስተኛው፣ የላይኛው። ሞላች። ሳበች። አልተከፈተም። ሁለተኛው መስመር። አልተከፈተም። ማሙሽ መፍቻውን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላዋ ይሄዳል፣ እኔ ከማሙሽ ኋላ። ሦስተኛው፣ እምቢ። አራተኛውን ዘለለችው፣ የራሷን። አምስተኛው። እዚያ ቆየች። ሁለት ጊዜ ሞላች፣ ሁለት ጊዜ ሳበች። እምቢ። ስድስተኛው። ሰባተኛው። ስምንተኛው ጋ ደረሰች፤ ሞላች፣ ሳበች።

እምቢ አለ።

ተመልሳ አራተኛው መስመር ገባች። ሞላች። ጠቅ። በሩን ከፍታ ቆመች፤ ጫማዋ አለ፣ ቦርሳዋ አለ፣ ምንም የሚያስቆም ነገር የለም። ቆመች ግን።

"አሁን ቆለፈ" አለች። ማሙሽን በጋውኗ ጫፍ ፊቱን ጠረገችው፣ ቅባት ነበረበት፤ ቅባት ብቻ ይሁን አይሁን እንጃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፊት ለፊት ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"ራት ምን እንሥራ?" አለችኝ።

እዚያው ሎከሮቹ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።